«መጣሁ» ያለ ሰው የት ነው ያለው?

አስተናጋጁ «መጣሁ» ብሎ ሄደ።

አማርኛ በመማር ላይ ያለ ሰው ይህችን ዓረፍተ ነገር ቆም ብሎ ቢያስባት ራስ ምታት ይይዘዋል። መጣሁ ካለ ለምን ሄደ? ከሄደስ ምኑን መጣሁ አለ? እኛ ግን ቅንጣት አይደንቀንም። ጀርባውን እያየን «እሺ» ብለን እንቀመጣለን፤ «መጣሁ» ማለት «መሄዴ ነው፣ ግን እንዳትቀየሙኝ» ማለት መሆኑን ማንም ሳያስተምረን እናውቀዋለን። አንዳንዱ ደግሞ ሲጠሩት ከሩቁ «አቤት፣ መጣሁ!» ይልና ወደ ወጥ ቤት ይገባል። በዚያው ነው።

የማናውቀው ቃል ብዙ ጉዳት የለውም። ጆሯችንን ቀሰር አድርገን «ምን አልከኝ?» እንላለን፣ ሰውየው ያስረዳናል፣ ነገሩ ያልቃል። ጣጣ የሚያመጣው ሁለታችንም እናውቀዋለን ብለን የተማመንንበት ቃል ነው፤ ያወቀውን ማን ይጠይቃል? ስለዚህ ቃሉ ባጠረና በተለመደ ቁጥር አደጋው ይጨምራል። «ሥነ ምኅዳር» በሚለው ቃል ተጣልተው የተፋቱ ባልና ሚስት አላውቅም። «ትንሽ ቆይቼ እመጣለሁ» በሚለው ግን ሽማግሌ የተቀመጠበት ቤት አውቃለሁ።

በስልክ ሲሆን «መጣሁ» ደረጃ ያወጣል። «እየተነሣሁ ነው» ያለ ሰው ተኝቷል። «ወጥቻለሁ» ያለው ካልሲ እየፈለገ ነው። «መንገድ ላይ ነኝ» ያለው በእርግጥም መንገድ ላይ ነው፤ መንገዱ ግን የራሱ ሰፈር መንገድ ነው። «ደረስኩ፣ እየገባሁ ነው» ያለው የታክሲ ሰልፍ ይዟል። ይህን ሁሉ ውሸት የሚሉ ሰዎች አሉ፤ እኔ አልልም። ውሸት የሚሆነው ሰሚው ሲያምን ነው። እዚህ ግን ሰሚውም ምንዛሪውን ያውቃል፤ «ደረስኩ» ሲባል አርባ ደቂቃ ጨምሮበት ገላውን ሊታጠብ ይገባል። ማንም አልተታለለም።

የሚጎዳው እውነተኛው ሰው ነው። ሰዓት ማክበር እንደ ሃይማኖት የሆነበት አንድ ወዳጅ አለኝ። ካፌው ውስጥ ተቀምጦ፣ ማኪያቶው ፊቱ ተቀምጦ፣ «ደርሻለሁ» ብሎ ይደውላል። ጓደኞቹ በምንዛሪው መሠረት ይተረጉሙታል፤ ደርሻለሁ ካለማ ገና ከቤቱ አልወጣም ብለው ይተኛሉ። አንድ ሰዓት ሙሉ ብቻውን ይቀመጣል። ለብዙ ጊዜ በሰው ልጅ ላይ ሲያዝን ኖረና በመጨረሻ መላ አገኘ። አሁን ቦታው ላይ ሲደርስ «ደርሻለሁ» አይልም፤ «ሒሳብ ከፍዬ ልወጣ ነው» ይላል። ያኔ ተነሥተው ካልሲ ይፈልጋሉ።

የርቀት ነገርም ያው ነው። ከከተማ ወጣ ብሎ መንገድ የጠየቀ ሰው «ቅርብ ነው» ከተባለ ውኃ መያዝ አለበት። መንገድ ያሳየው ገበሬ አልዋሸም፤ ገበያ ለመድረስ ግማሽ ቀን ለሚሄድ ሰው የሁለት ሰዓት መንገድ ቅርብ ነው። ደግሞም ልኩን ነግሮታል፤ የነገረው ግን በቃሉ ሳይሆን በድምፁ ርዝመት ነው። «እዚያ ጋ» ከተባለ አጥሩ ጥግ ነው። «እዚያ… ጋ» ከተባለ ወንዙን ተሻግሮ ነው። አገጭ ቀና ተደርጎ፣ ዓይን ጠበብ ተደርጎ፣ «እዚ……ያ» ተብሎ ትንፋሽ እስኪያልቅ ከተሳበ ማደሪያ ማሰብ ይሻላል። ከተሜው ግን ቃሉን ሰምቶ ርዝመቱን ሳይሰማ ይነሣል፤ ሲመሽበት ገበሬውን ይረግማል።

ሰዓት ግን ከዚህ ሁሉ የባሰ ነው፤ ቁጥር ስለሆነ ማንም አይጠረጥረውም። እኛ ሰዓት የምንቆጥረው ፀሐይ ስትወጣ ጀምረን ነው። ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ከሞላ ጎደል በተመሳሳይ ሰዓት በምትወጣበት አገር ይህ ሞኝነት አይደለም፤ እንዲያውም በእኩለ ሌሊት ማንም በማያየው ሰዓት ቀን የሚጀምሩት ናቸው ማስረዳት ያለባቸው። ኬንያና ታንዛንያም በስዋሂሊ እንደኛው ነው የሚቆጥሩት፤ ጠዋት «ሳ ታቱ» ካሉ ቃል በቃል ሦስት ሰዓት ማለታቸው ነው፣ ፈረንጅ ዘጠኝ የሚለውን። ናይሮቢ የገባ ሐበሻ ይህን ሲሰማ ዘመድ ያገኘ ያህል ይደሰታል።

ስልካችን 9:15 ይላል፤ እኛ እያየነው «ሦስት ከሩብ» ብለን እናነበዋለን። ሚሊዮኖች አንድ ቁጥር እያዩ ሌላ ቁጥር የሚያነቡበት ከተማ ነው፤ ማንም ደግሞ ጉድ አይልም። በሁለት ቋንቋ የሚሠራ ሰው ሰዓቱ ከምላሱ ጋር አብሮ ይዞራል። በእንግሊዝኛ ሲያወራ ስብሰባው «ናይን» ላይ ነው፤ ዞር ብሎ ለባልደረባው በአማርኛ ሲነግራት «ሦስት ሰዓት» ይሆናል። እስከዚህ ድረስ ሰላም ነው። መከራው የሚጀምረው ቋንቋው ተቀይሮ ሰዓቱ ሳይቀየር ሲቀር ነው። ውጭ አገር ብዙ ዓመት የኖረ አጎት ለእረፍት ይመጣና «ነገ በዘጠኝ ሰዓት ኑ» ይላል። እሱ የተናገረው የቁርሱን ዘጠኝ ነው። ቤተሰቡ የሰማው የከሰዓቱን ዘጠኝ ነው። እሱ ከጠዋት ጀምሮ ቡና አፍልቶ፣ ሸሚዙን ተኩሶ፣ በር በሩን እያየ ይጠብቃል፤ እነሱ ምሳቸውን በልተው፣ ትንሽ ጋደም ብለው፣ ልክ በዘጠኝ ሰዓት ከች ይላሉ። ሁለቱም ወገን ሰዓት አክብሯል። ለስድስት ሰዓት ያህልም ተቀያይሟል።

ለዚህ ነው «በሐበሻ ነው በፈረንጅ?» የሚለው ጥያቄ የተወለደው። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ግን የአውሮፕላን ትኬት ላይ ብቻውን አይበቃም። ትኬቱ «ረቡዕ 2:00» ይላል እንበል። የመጀመሪያው ወጥመድ ግልጽ ነው፤ ጠዋት በሁለት ሰዓት ሻንጣና አጃቢ ይዞ ቦሌ የደረሰ ሰው አውሮፕላኑ ከሄደ ስድስት ሰዓት እንዳለፈው ይነገረዋል። ጠንቃቃው ሰው ይህን ያውቃል። «በፈረንጅ ነው፤ ስለዚህ ሌሊት ስምንት ሰዓት ማለት ነው» ብሎ በኩራት ያስረዳል። ከዚያ ረቡዕ ቀን ሥራውን ይውላል፣ ረቡዕ ማታ ቤተሰቡን ይሰናበታል፣ ረቡዕ ሌሊት ይሄዳል። ሰዓቱን አስተካክሎ ቀኑን ስቷል። በእኛ አነጋገር ሌሊት የዋለው ቀን ጅራት ነው፤ በእነሱ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ያለው የሚመጣው ቀን ራስ ነው። አውሮፕላኑ የሄደው ትናንት ሌሊት፣ እሱ ሻንጣውን እየመዘነ ሳለ ነው።

አያቶቻችን ለዚህ ቃል ነበራቸው፤ «ማክሰኞ ለረቡዕ አጥቢያ» ይሉ ነበር። ሁለቱንም ቀን ጠርቶ በመካከላቸው ያለውን ጨለማ የሚያሳይ፣ ለስሕተት ቀዳዳ የማይተው አባባል ነው። አሁንም በዜና ላይ አልፎ አልፎ ይሰማል። ትኬት ቆራጮች ይህችን አንዲት ሐረግ ቢጠቀሙ ኖሮ ስንት ለቅሶ ይቀር ነበር እላለሁ።

ዓመተ ምሕረቱንማ አላነሣውም። በ2000 የተመረቀ ሰው ይህንኑ ቁጥር ሳይቀይር ለውጭ መሥሪያ ቤት ከተናገረ፣ ማንም ምንም ሳይዋሽ የሰባት ስምንት ዓመት የሥራ ልምድ ይታከልለታል። ቅሬታ ያቀረበ አልሰማሁም።

ከሁሉ የሚያሳስተው ቃል ግን «እሺ» ነው ባይ ነኝ። «እሺ ይበልጣል ከሺ» እንላለን፤ የትኛው እሺ እንደሆነ ግን ተረቱ አይነግረንም። ቁርጥ ያለ «እሺ» አለ፤ ይህ ይሠራል። ሳብ ያለ «እሺ…» አለ፤ ይህ እያሰበበት ነው። ተደራራቢው «እሺ እሺ እሺ» ደግሞ ንግግሩ እንዲያልቅለት የሚፈልግ ሰው ነው። «እንግዲህ እሺ» ቅሬታ ነው። ቁም ሣጥን ያዘዘ ሰው «ለዓርብ ይደርስልኛል?» ብሎ ሲጠይቅ የሚሰጠው «እሺ» ለጥያቄው የተሰጠ መልስ አይደለም፤ ለጠያቂው የተሰጠ ክብር ነው። ሠሪው ፊት ለፊት «አይደርስም» ማለት ነውር መስሎ ይታየዋል፤ ባለጉዳዩ ደግሞ ክብሩን እንደ ቀጠሮ ይዞት ይሄዳል። ዓርብ ሲመጣ ያልተላገ ሳንቃ ያያል። ከዚያ በኋላ ሁለቱም «ቃሉን አላከበረም» ይባባላሉ፤ ሠሪው «ክፉ ሳልናገረው ለምን ጮኸብኝ» ብሎ ከልቡ ያዝናል።

የ«እሺ» ታናሽ ወንድም «ይቻላል» ነው። ይህ ቃል ታሪክም አለው። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው የውጫሌ ውል አንቀጽ 17 በአማርኛው «ይቻላቸዋል» ሲል፣ ጣልያንኛው ግዴታ አድርጎ አስቀመጠው፤ የነገሩን መጨረሻ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ አየነው። ጣልያን «ይቻላል»ን «ግድ ነው» ብሎ ተረጎመ። የዛሬ ቢሮ በተቃራኒው ይተረጉመዋል። በመስኮቱ በኩል «ይሄ ጉዳይ ዛሬ ያልቃል?» ሲባል «ይቻላል» የሚል ድምፅ ከመጣ፣ ልምድ ያለው ባለጉዳይ ማኅደሩን አጥፎ ነገ ለመመለስ ይነሣል።

ሰፈር ሳይቀየር የቃል ትርጉም የሚቀየርበትም ጊዜ አለ። ካፌ ገብተው «ስፕሪስ» ካሉ ሻይና ቡና ተደባልቆ ይመጣል፤ ወጥተው ከጎኑ ጁስ ቤት ገብተው «ስፕሪስ» ካሉ አቮካዶና ማንጎ ተደራርቦ ይመጣል። ይህ ቀላሉ ነው፤ ቢያሳስትም ይጠጣል።

ጾም ግን አይጠጣም። በ2017 ዓ.ም. ዐቢይ ጾምና ረመዳን አንድ ሰሞን ውለው ነበር። በአንድ ቢሮ ሁለት ጓደኛሞች፣ ሁለቱም «ጾም ነኝ» ይላሉ፤ ሁለቱም እውነት ይናገራሉ። አንደኛው የቅዳሴ ሰዓቱን ጠብቆ ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፣ ፎሶሊያ የተደረደረበት በየዓይነቱ ፊቱ ይቀርብለታል። ሁለተኛው ፀሐይ እስክትጠልቅ ውኃ አይቀምስም፤ ማታ ግን ሥጋም ቢሆን ይበላል። እነሱ እርስ በርስ አይሳሳቱም፤ አብረው አድገዋል። የተሳሳተው አዲስ የመጣው የውጭ አገር ባልደረባቸው ነው። «ጾም ነኝ» ያለው ሰው ሁለተኛ እንጀራ ሲያስጨምር አይቶ፣ ለረጅም ጊዜ ሃይማኖቱን በድብቅ የተወ ሰው መስሎት ያዝንለት ነበር ይባላል። በአክብሮትም ዞር ብሎ ይቀመጥለት ነበር፤ እንዳያሳፍረው።

በምእመናኑ መካከልስ? እስቲ አንዲት አክስት ምግብ ቤት ይውሰዱና «የጾም ምን አለ?» ብለው ያስጠይቁ። ልጁ ቀጥ ብሎ ቆሞ «ዓሣ ጉላሽ፣ ዓሣ ዱለት፣ ዓሣ ኮተሌት…» እያለ ይቆጥራል። አክስት ነጠላቸውን ያስተካክላሉ።

«የጾም ነው ያልኩት፣ ልጄ።»

«አዎ እትዬ፣ የጾም ነው። ዓሣ ነው።»

«ዓሣ ደም የለውም?»

ልጁ ወደ ወጥ ቤቱ ያያል። ወጥ ቤቱ ሊቃውንት ጉባኤ አይደለም። በዚህ ጉዳይ የሚበላና የማይበላ በአንድ ማዕድ እየተቀመጠ ስንት ጊዜ እንደሚከራከር የሚያውቅ ያውቀዋል፤ የምግብ ዝርዝሩ ግን ክርክሩን ዘግቶ «የጾም» ብሎ ጽፎታል። አክስት በመጨረሻ ሽሮ ያዛሉ፤ ሽሮው ሲመጣም «ቅቤ የለበትም አይደል?» ብለው ይጠይቃሉ። ደግ አደረጉ።

ከዚህ ላይ ለጆሯችን ምስጋና ማቅረብ ተገቢ ነው። አፋችን የሚለየውን ፊደላችን አይለየውም፤ ማጥበቅና ማላላት አይጻፍምና። በቃል ከሆነ «አለ» ሲጠብቅ መኖሩን፣ ሲላላ መናገሩን ማንም ይለያል። ስልክ ላይ መጻጻፍ ሲመጣ ግን ጆሮ ከሥራ ወጣ። በታኅሣሥ መጨረሻ አንዲት እናት ለልጇ «መቼ ነው የምትመጣው?» ብላ ጻፈችለት። «ገና ነው» ብሎ መለሰ። እሱ አላልቶ፣ ሥራዬ አላለቀም ማለቱ ነው። እሷ አጥብቃ አንብባ ዶሮ ገዛች። በበዓሉ ዕለት ደውላ የተናገረችውን እዚህ መጻፍ አያስፈልግም፤ እሱም ቢሆን ጠበቅ ያለ ነበር።

ጭራሽ ቃል የሌለውም ንግግር ያሳስታል። እኛ «አዎ» ለማለት አፋችንን ከፈት አድርገን ትንፋሽ ወደ ውስጥ ሳብ እናደርጋለን፤ ሲሰማ የደነገጠ ሰው ይመስላል። ፊት ለፊት ሲሆን ቅንድብ ከፍ ይላልና ይገባል። በስልክ ግን ፈረንጁ «ቤት ኪራዩን ከፍለሻል?» ብሎ ሲጠይቅ የሚሰማው አንዲት ሴት ትንፋሽ ሲያጥራት ነው። «ደህና ነሽ?» ይላል። እንደገና በትንፋሽ ትመልስለታለች፤ ደህና ነኝ ማለቷ ነው። የባሰ ይደነግጣል። ወደ ሰሜን ስዊድንና ወደ ኖርዌይ የሄዱ ወገኖቻችን ይህ ችግር የለባቸውም፤ እዚያም «አዎ»ን ትንፋሽ ስበው የሚሉ ሰዎች አሉ። ብርዱን ነው እንጂ የሚያማርሩት በአዎ ጉዳይ ተግባብተዋል።

«እንብላ» ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። የሚበላ ሰው አላፊውን «እንብላ» ይላል፤ አላፊው «ብሉ፣ ይባረክ» ብሎ ያልፋል። ይኸው ነው ሥርዓቱ። ጋባዡም ይቀመጥብኛል ብሎ አያስብም፣ ተጋባዡም ሊቀመጥ አያስብም፤ ሁለቱም ግን ሳይባባሉ ቢቀሩ ቅር ይላቸዋል። ይህን የማያውቅ ሰው «እንብላ»ን ቃል በቃል ይወስደዋል፤ ቃሉ ደግሞ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ሌላ ምንም አይልም።

አሜሪካ ተወልዶ ያደገ አንድ ወጣት አክስቱን ሊጠይቅ አዲስ አበባ መጣ። አማርኛው ቤት ውስጥ የተማረው ንጹሕ አማርኛ ነው። በማለዳ ከሰፈር ወጣ ሲል ሕንፃ የሚሠሩ ሰዎች አሸዋ ክምር አጠገብ ክብ ሠርተው ቁርስ ይበላሉ። «እንብላ ወንድም» አሉት። አመሰግናለሁ ብሎ ቁጭ አለ። ለአፍታ እጆች ሁሉ አየር ላይ ቆሙ። ከዚያ አንዱ ጠጋ አለለት፣ ሌላው በጀሪካን ውኃ አስታጠበው፣ ሦስተኛው ጎረስህ አልጎረስህ ሳይል ይህን የሚያህል ጉርሻ አፉ ውስጥ ከተተ። ፍርፍሩ አለቀ። ተጨማሪ ዳቦ ተገዛ። ልጁ ከበላው ምግብ ሁሉ የሚጣፍጥ ነው ብሎ ቤቱ ገብቶ ለአክስቱ ተረከላት።

አክስት ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጫነች። «ወይኔ ልጄ! እንብላ ሲሉህ ብሉ ነው የሚባለው! የድሃ ቁርስ በልተህ መጣህ?» ልጁ አፈረ። ሥርዓቱን አስጠናችው፤ «ብሉ፣ ይባረክ» የሚለውንም ደጋግሞ ተለማመደ።

በማግስቱ በዚያው መንገድ አለፈ። ሰዎቹ ከሩቅ ሲያዩት ተጠጋግተው ቦታ አዘጋጁ፤ አንዱማ ለእሱ ብሎ እንቁላል አስጨምሯል። «እንብላ!» አሉት በአንድ ድምፅ። ልጁ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ ጎንበስ ብሎ፣ አንድም ፊደል ሳያዛባ «ብሉ፣ ይባረክ» አላቸውና መንገዱን ቀጠለ።

ከሰዓት በኋላ ከመካከላቸው በዕድሜ የሚበልጡት ሰውዬ የአክስቱን በር አንኳኩ። ባርኔጣቸውን አውልቀው ደጃፉ ላይ ቆሙ።

«እመቤት፣ ይቅርታ ያርጉልኝ። ይህ ልጅ ትናንት ወንድማችን ነበር። ምን አስቀይመነው ነው?»